ራግዳ ያልጠማት ውሃ

ትርሲትዬ፣

ዛሬ እስክንድርያ ጭጋግ ለብሳ ሕልም መስላለች። መናገር የማትችለው ተማሪያችን ራግዳ ድምፅ ባሰማች ቁጥር፣ አስተማሪዋ አብላ ሰኒያ አራት ዓመት ሙሉ ውሃ ስታጠጣት ኖረች። ዛሬ በዓይን የሚታዘዝ ስክሪን ፊቷ ተደቀነላት። ፊደሎቹን በዓይኗ አንድ በአንድ ለቀመችና መሣሪያው በዜና አንባቢ ድምፅ፣ «ክብርት መምህርት፣ አልጠማኝም። መስኮቱን ይክፈቱልኝ፤ ባሕሩን ልስማ» አለ።

ልጆቹ «የሬዲዮው ሰውዬ መጣ!» ብለው ተንጫጩ። አብላ ብርጭቆውን እንደያዘች «ውይ የኔ እናት፣ ስንት ውሃ አጠጣሁሽ!» ብላ መስኮቱን ከፈተችው። የማዕበሉ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

እኛም እንደ ራግዳ የማይናገረው ወንድምሽ ናሆም ባጉረመረመ ቁጥር፣ በርዶት ነው እያልን ጋቢ እንደርብበት ነበር። የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ እትዬ ዘነቡን ሳሚልኝ። ናሆምን ግን ከመሳምሽ በፊት ጋቢውን ገፈፍ አድርጊለትና ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ እዪልኝ።

ፋንታዬ