የእህተ ማርያም ደብተር

ምዕራብ ጎጃም፣ ኅዳር 12

ለልጄ ለሜላት፤ በሄድሽበት ሁሉ የአባቶችሽ አምላክ ጥላ ይሁንሽ። እንደምን ሰነበትሽ?

እኛ ደኅና ነን። አባትሽ በቆሎውን አስገብተው ዛሬ ቡሬ ገበያ ወርደዋል። መስማት የተሳናት እህትሽ እህተ ማርያም አራተኛ ክፍል ገብታለች። ደብተሯ አንድም ስሕተት ስለሌለበት ለጎረቤት ሁሉ ሳሳይ ከርሜ ነበር። በቀደም ግን «ውኃ» ብላ የጻፈችውን ጠቁሜ ውኃና ጨው ባቀርብላት፣ ጨውን አነሣች። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰሌዳው ስትገለብጥ ኖራለች፤ እኔም የእጅ ጽሑፏን ውበት እንደ ዕውቀት ቆጥሬዋለሁ።

በምልክት ቋንቋ የምታስተምር መምህርት ወዳለችበት የከተማ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። ርእሰ መምህሩ፣ «እናቴ፣ በጀቱ የተያዘው ለከተማው ልጆች ብቻ ነው» አሉኝ።

«ወረዳችን አንድ አይደለም እንዴ?»

«ወረዳውማ አንድ ነው፤ መምህርቷም አንዲት ናት።»

ይዣት ተመለስኩ። ነገም እዚያው ሰሌዳ ፊት ትቀመጣለች።

ከስሜ በታች ያለው የእርሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ጽፌ ሰጥቻት ገለበጠችው እንጂ ምን እንደሚል አታውቅም። እባክሽ ልጄ፣ ስትመልሺ ፎቶግራፍሽን ጨምሪላት፤ ፊትሽን ታውቀዋለች። እመቤታችን በጤና ታገናኘን።

እናትሽ ያምሮት

እህቴ፣ ናፍቀሽኛል።