የመጨረሻዋን ዝንብህን እንደፈታኋት

የኔ ዓለም፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እንደምን ከረምክ ብልህ መልስ የለህ፤ እንደ ልማዴ ወሬውን እኔው ልጀምረው።

ጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ዓይን በራ! አሶሳ ወስደዋቸው ሞራው ተገፈፈላቸው። ልጃቸው መንታ ወልዳለች፤ እሳቸው አንዱን ከአንዱ ይለያሉ፣ እኔ ባለ ጤና ዓይኗ ግን እስካሁን አልቻልኩም። መዘዙ ለኔ ሆነ እንጂ። ፋሻው እንደተፈታ መጀመሪያ ያዩት አንገቱ የተመለጠውን ቀይ አውራ ዶሯቸውን ነው። «አንቺ፣ ይሄን ፍጡር ምን አገኘው?» አሉኝ። አስፈቅጃቸው ነበር እኮ፤ ያስፈቀድኩት ግን ሁለት ሦስት ላባ ነው።

ላባውን ምን ልታደርጊው ነው አትለኝም? ያንተን ሥራ ጀምሬልህ ነው። ያቺን ከመንገድ ሥራው ፈረንጅ የተማርካትን፣ መንጠቆ ላይ ላባ በክር ጠምጥመህ ዓሣ የምታታልልባትን፣ «ዝንብ» የምትላትን። ሰፈሩ ሲስቅብህ እኔም አብሬ «ሌላው በሬ ያስራል፣ የኔ ባል ዝንብ ያስራል» እል አልነበር? ትል ቢሰጡት ዞር ብሎ የማያየውን ያን አፈ ሰፊ ዓሣ ከዳቡስ ወንዝ ተሸክመህ ስትመጣ ግን ቀድሜ ቢላ የምስለው እኔው ነበርኩ።

ሙት ዓመትህ ላይ የዓሣ ጓደኛህ ሙሳ መጥቶ ባርኔጣህ ላይ የተሰካችውን የመጨረሻዋን ዝንብ አያት። «እንግዲህ ዝንብ ከሰውየው ጋር ሄደ፤ ኸላስ፣ አበቃ» አለ። እኔ ምን ነካኝ መሰለህ፣ በሰው ሁሉ ፊት «አልሄደም፣ እኔ አስራለሁ» አልኩ። ሳቁን ብትሰማው!

አልኩ እንጂ የት አውቄው። የመጀመሪያዋ መጥረጊያ መሰለች። ሁለተኛዋ መልኳስ ደህና ነበር፤ ውሃ ሲነካት ላባዋ መንጠቆው ላይ ዞረና ተንሸራቶ ወለቀ። ሦስተኛዋም አራተኛዋም እንደዚያው። አሥር ጊዜ ባጠብቀው ይሾልካል። የዶሮው አንገት አለቀ፣ እኔ ግን ያው ነኝ። አንተ እንዴት እንዳጸናኸው የሚነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ባርኔጣው ላይ ያለችው።

ሳምንት ሙሉ እያየኋት ዋልኩ። እጅህ የቋጠረው የመጨረሻው ቋጠሮ ነዋ። ልጃችን መሠረት «እማዬ ተይ፣ ሌላ የለንም» ብላ አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ። ቆይቼ ግን፣ ባርኔጣው ላይ ብተዋት ብል ይበላታል፣ ብፈታት እጄ ይማራታል አልኩ። ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ በመርፌ ጫፍ እየፈለቀቅሁ፣ ስንት ዙር እንደጠመጠምክ እየቆጠርኩ ፈታኋት።

ከላባው ሥር ምን አገኘሁ? ላባውን ከማሰርህ በፊት ባዶውን መንጠቆ ከጫፍ እስከ ጫፍ በክር አልብሰኸዋል! ለካ ላባ ልሙጥ ብረት ላይ አይቆምም፣ ምንጣፍ ይፈልጋል። ክሩን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጌ ሳየው ደግሞ ቀይ ነው። የማውቀው ቀይ። የዓመት በዓል ነጠላዬ ጥለት! አይጥ በላብኝ ብዬ ያንን ሁሉ የጮህኩት፣ ድመት ያስመጣሁት፣ አንተም አብረኸኝ «ወይ አይጥ፣ ወይ አይጥ» ስትል የነበረው! አንተ ሌባ! ብቻዬን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ሳቁ መቼ ወደ እንባ እንደዞረ አላወቅሁም። እንባዬን ጠረግሁና ነጠላዬን አውጥቼ ከዚያው ጥለት አንድ ክር ራሴ መዘዝኩ። በዚያው መንጠቆህ፣ በራስህ ዙር ልክ፣ በኔ እጅ አሰርኳት።

ቅዳሜ ዳቡስ ወረድን፣ እኔና መሠረት፣ ሙሳም ሊስቅብኝ። ወረወርኩ፣ ሳብ ሳብ አደረግሁ፣ ምንም። ደግሜ ወረወርኩ። ሙሳ ጥላ ፍለጋ ሊነሳ ሲል ክሩ ከእጄ ሊወጣ ደረሰ! ሻሼ ወለቀ፣ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ መሠረት ወገቤን ይዛ ትጮሃለች፣ እኔ አልለቅም። ስናወጣው፣ የኔ ዓለም፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ የሚያህል አፈ ሰፊ! እልልታውን ራሴ አቀለጥኩት። ዝንቧን ከአፉ ሳወጣት አንድ ላባ እንኳ አልጎደለባትም።

ከዚያ ወዲህ አምስት አስሬያለሁ፤ አንዷም አልሾለከችም። አንተን የማስብህ በሙት ዓመት በሻማ ብቻ እንዳይመስልህ። እጄ ክር መጠምጠም እስከቻለ ድረስ ባሰርኩ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ፤ መሠረትንም እያስተማርኳት ነው።

ቤቱ ሰው አጥቶ አያውቅም። የእድር ሴቶች መጥተው ዓሣውን ቀመሱ፣ «እኛንም አሳዪን» ብለውኝ ሄዱ። ትናንት ደግሞ ሙሳ መጣ። አዲሷን ዝንብ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላበጣትና «ማሻአላህ፣ አንተ እኮ እጅህ አልሞተም» አለ። ሙሳ በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» እንደሚል ታውቃለህ። ለኔ ይበለው ላንተ አልጠየቅሁትም፤ «አሜን» ብዬ ለሁለታችን ተቀበልኩ።