በእጅ ሻንጣ የያዝኩት መተንፈሻ

አምሳልዬ፣

ካርዱ ላይ የምታይው የዛንዚባር ባሕር ነው፤ እኔ ግን የማወራሽ ስለ ቦሌ ነው። ያንን ቤታችሁ አምጥቼ ያሳየሁሽን የመጥለቂያ መተንፈሻ፣ ከትልቁ ሻንጣ ጋር ተወርውሮ እንዳይሰበርብኝ ብዬ በእጄ ያዝኩት። ፍተሻው ላይ ቱቦውና የአየር መለኪያ ጌጁ ማሽኑ ውስጥ ሲታዩ ፈታሿ አስወጣችውና "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለችኝ። ማስረዳት ሲያቅተኝ አፌ ውስጥ ከትቼ ተነፈስኩላት። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላዬ የቆሙ አንድ እናት "አሳልፏት እንጂ! ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ ናት። እግዜር ይማርሽ የኔ ልጅ" አሉ። ሰዉም "ይማርሽ፣ ይማርሽ" እያለ መንገድ ለቀቀልኝ። ፈታሿ ራሷ ሻንጣዬን ዘጋችልኝ። እኔ፣ ካዛንቺስ ሆቴል ቀኑን ሙሉ ዋና ሳስተምር የምውለው! በእፍረት አሚን እንኳ ሳልል ሹልክ አልኩ።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠለቅን። ዓሣው እንደ ላንቻ ሚኒባስ ነው፣ ማንም ለማንም አያሳልፍም። ስድስት ሜትር ላይ ግን ደረቴ ተቆለፈ፤ በቃ፣ ልወጣ ነው አልኩ። ያኔ የእኚያ እናት ድምፅ ትዝ አለኝ። መተንፈሻውን ነክሼ በሆዴ "አሚን" አልኩ። ቀስ እያለ መጣልኝ፣ አየሩ። ከዚያ አርባ ደቂቃ ቆየሁ፤ ነገም እወርዳለሁ።

ካርዱ ሞላብኝ። አያትሽን እማማ ጀማነሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ኢኽላስ እንዴት ናት ካሉሽ፣ በደንብ ትተነፍሳለች በያቸው።

ኢኽላስ