ከግሉኮሱ ክንድ የተቀዳው ደም

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሽ ጀመር ወይስ አሁንም በየፎቁ ቆመሽ እያረፍሽ ነው? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ትንሿ የሚነቃነቀውን ጥርሷን አወለቀችው ወይስ እስካሁን በምላሷ እየገፋችው ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ደህና ነን የሚለውን አስረግጬ ነው የምጽፍልሽ፤ ባለፈው ሳምንት በስልክ የነገርኩሽ ደህና ትክክለኛ አልነበረማ። በስልክ ላስረዳሽ ስላልደፈርኩ ነው ብዕር ያነሳሁት። ቀድመሽ እንዳትደነግጪ፤ አባባ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሾርባ እየጠጡ ነው፤ ጨው የለውም እያሉ እማማን ይነዘንዟታል።

የልባቸው ቫልቭ በሰላም መቀየሩን ታውቂያለሽ። በአምስተኛው ቀን ኮሪደሩን ከዳር ዳር እየተመላለሱ ነርሶቹን በስም መጥራት ጀምረው ነበር። በስድስተኛው ቀን ግን ትኩሳት ያዛቸው፤ በአልትራሳውንድ ሲታይም ልባቸው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ እኔንና እማማን ቁጭ አድርጎ፣ ይህ ነገር ከሁለት አንዱ ነው አለን። ወይ የልብ ሽፋናቸው ስለተነካ ተቆጥቶ ያመጣው ነው፤ እሱ በኪኒን ይመለሳል። ወይ ጀርም ገብቶበታል፤ ያኔ ደረታቸው እንደገና ይከፈታል። እማማ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ቴርሞስ ክዳን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች።

ሁለቱን ለመለየት ደም ይመረመራል፤ የእኔም እንጀራ ይኸው ነው። አንደኛው ምርመራ ለሁሉም እንደሚጮህ ውሻ ነው፤ ለሌባውም ይጮሃል፣ ለእንግዳውም ይጮሃል። ቀዶ ጥገና በተደረገለት ሰው ሁሉ ላይ ይጮሃል፣ በአባባም ላይ ጮኋል። ሁለተኛው ግን ቁጥብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን የሚያሰማው ጀርም ሲኖር ነው። ሐኪሙ የሚጠብቀው ይህን ሁለተኛውን ነበር።

አባባ ደግሞ አመፁልሽ። በስድስት ቀን ሃያ ጊዜ ቀድታችሁኛል፣ ከእንግዲህ ከልጄ በቀር ማንም አይነካኝም አሉ። በደንባችን ማንም የገዛ ቤተሰቡን ደም አይቀዳም። እኔ ግን ምን ልዋሽሽ፣ ደስ አለኝ። ንፍጤን ሲጠርጉልኝ የኖሩት አባቴ በነርሶቹ ሁሉ ፊት ልጄ ይምጣ ሲሉ ደረቴን ነፋሁ። ግራ ክንዳቸው በመርፌ ብዛት ጠቁሮ ነበርና ቀኙን ዘረጉልኝ፤ በቀኙ ደግሞ ግሉኮስ እየወረደ ነው። ግሉኮስ ከተተከለበት ክንድ ደም እንደማይቀዳ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ ያውቃል። እሳቸው ያኛው ያመኛል አሉ፤ እኔም እሺ አባባ አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ያ ቁጥብ ምርመራ ሲወጣ ቁጥሩ ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ጀርም የለም ማለት ነው። ለሐኪሙ ደወልኩለት፤ እሱም የቀዶ ጥገና ክፍሉ እንዳይዘጋጅ ተናገረ። ቀጥዬ ላንቺ ደወልኩ። ልጆቹን ጠርተሽ ሁላችሁም በስልኩ ውስጥ ስትንጫጩ ሰማሁ። ስልኩን ዘግቼ ስመለስ ከሌላው ማሽን የስኳር ውጤታቸው ወጥቶ ጠበቀኝ፤ አምስት መቶ አስር ይላል። አባባ እኮ የስኳር በሽታ የለባቸውም። የደማቸው መጠንም ከአንድ ቀን በፊት ከነበረው በሲሶ ቀንሷል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የመረመርነው በግሉኮስ የቀጠነ ደም ነው።

እታለም፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ነገሩን ልደብቀው ብዬ አሰብኩ። የስኳሩን ወረቀት ከእኔ ሌላ ያየው የለም። እንደገና ተቀድቶ ቁጥሩ ከፍ ካለ ደረታቸው ሊከፈት ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቴ። ጀርም ኖሮ እኔ ዝም ካልኩ ደግሞ ገዳያቸው እኔው ነኝ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ላቦራቶሪ ኃላፊያችን ሄድኩ። በሌለችበት ነጥብ ነው የምንላት፤ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ወረቀት ትመልሳለችና። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ወረቀቱን አየች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ ከዚያ አንተ ሂድና ልጅ ሁን፣ ባለሙያነቱን ለእኔ ተወው አለችኝ።

እሷው ራሷ ከግራ ክንዳቸው ቀዳች። አባባም ትንፍሽ አላሉም፤ እኔ ፊት አንበሳ፣ እሷ ፊት በግ ናቸው። ውጤቱ እስኪደርስ አጠገባቸው ተቀምጬ ያጠፋሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ታዲያ የመረመራችሁት ውሃውን ነዋ፣ እሱማ ጤነኛ ነው ብለው ሲስቁ ደረታቸውን እንዳያማቸው ትራሱን እቅፍ አደረጉት። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ እጄን ያዙኝ።

ቁጥሩ መጣ። ከሐሰተኛው ከፍ ብሏል፤ ሆኖም ጀርም አለ ከሚባልበት በታች ነው። ሐኪሙ አንዴ ተታሏልና በዚህ አላበቃም፤ ውሃውን ራሱን ካላየሁ አለ። በአልትራሳውንድ እየተመለከተ በመርፌ ከልባቸው ዙሪያ ቀዳ። መግል የለውም፤ ጠራ ያለ ቢጫ ነው። ኪኒኑ ተጀመረ፤ ጀርም ይበቅልበት እንደሆነም ሦስት ቀን ጠበቅን። በነዚያ ቀናት በደወልሽ ቁጥር ስልኩን ለእማማ እያቀበልኩ ሸሸሁ፤ እሷም ምን ትበል፣ እየበሉ ነው ትልሽ ነበር። ትናንት ጠዋት ነጥብ ክፍላቸው ድረስ መጥታ ምንም አልበቀለም አለች። እማማ አቅፋ አልለቅም አለቻት። ትኩሳቱ ለቋቸዋል፣ ውሃውም እየቀነሰ ነው፤ ቅዳሜ ቤታችን እንገባለን።

እኔ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል፤ ለአንድ ወርም ደም ከመቅዳት ታግጄ የናሙና መዝገብ እሞላለሁ። ሲያንሰኝ ነው። የከበደኝ ያንቺ ነገር ነው። ያን ቀን በሌለ ነገር አስደሰትኩሽ፤ ከዚያም እውነቱን ደበቅኩሽ። ይቅር በይኝ እታለሜ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን እያመመው ዕቃ እንዳያነሳ። ትልቋን ለፈተናዋ አይዞሽ በያት፣ መካከለኛውን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፣ ትንሿን ግራ ቀኝ ጉንጯን ሳሚልኝ። እማማ ሁላችሁንም በያላችሁበት ስማችኋለች። አባባ ደብዳቤውን አንብብልኝ ብለው እስከዚህ ድረስ ሰሙት። ከዚያ ይህን ጨምርበት አሉኝ፦ ልጄ፣ ያን ቀን የተደሰትሽው በግሉኮስ ነበር፤ ዛሬ ደስ የሚልሽ በአባትሽ ደም ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከአባባ አልጋ አጠገብ
ሐሙስ፣ ሚያዝያ 14 ቀን