በሐውድ ምድር አስተርጓሚ የነበሩት የአቶ ወልደ ሚካኤል ብዙነህ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደ ሚካኤል ብዙነህ ከአባታቸው ከአቶ ብዙነህ ካሳዬና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደርቤ በ1926 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ልደታ ተወለዱ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አባታቸው ለጨርቅ ንግድ ጅጅጋ ሲወርዱ ይዘዋቸው ሄዱ። ሱማልኛን ከጎረቤት ልጆች፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ያኔ ከተማውን ያስተዳድሩ ከነበሩት እንግሊዞች ለመዱ።

በ1947 ዓ.ም. እንግሊዝ የድንበሩን የግጦሽ ምድር፣ ሐውድን፣ ለኢትዮጵያ ስትመልስ፣ የቅኝ ግዛቷ የሶማሌላንድ አርብቶ አደሮች እየተሻገሩ ከብት እንዲያሰማሩ ሁለቱ መንግሥታት ተስማሙ። መሬቱ የእኛ፣ በላዩ የሚሰማራው ሕዝብ የእነሱ፤ ጠባቂውም ከሁለቱም ወገን ነበር። አቶ ወልደ ሚካኤል በአስተርጓሚነት ተቀጥረው፣ “ሌባውን ማን ይያዝ?” የሚለውን የመኮንኖቹን ጭቅጭቅ ሲያመላልሱ ዓመታት አለፉ።

በሰኔ 1952 ዓ.ም. ቅኝ ግዛቱ ነጻ ሲወጣ የግጦሹ ስምምነት ቀረ። አቶ ወልደ ሚካኤልም አርብቶ አደሮቹን “ውጡ” ብለው እንዲነግሩ ታዘዙ። ወቅቱ በዚያ አገር ደረቅ ነው። ሀጂ ኑር የተባሉ ሽማግሌ ሰምተዋቸው ሲያበቁ፣

“ልጄ፣ ግቡ ያልከን በዚህ አፍህ ነው፤ ውጡ የምትለንም በዚሁ ነው። ለመሆኑ አፉ የማን ነው?” አሏቸው።

አቶ ወልደ ሚካኤል ወደ አለቃቸው ተመልሰው፣ “ጌታዬ፣ የጥቅምት ዝናብ እስኪጥል እንኳ ይቆዩ፤ ከብቱ መንገድ ላይ ያልቃል” ቢሉ፣ “አስተርጉም አልንህ እንጂ አስታርቅ መች አልንህ?” ተባሉ። ይኼኔ ወደ ሽማግሌው ሄደው፣ “ይህ የማንም ቃል አይደለም፣ የራሴ ነው። ዝናቡ እስኪጥል ቆዩ” አሏቸው።

ሰዎቹ አምነው ቆዩ። ብዙም ሳይሰነብት ሌላ አስተርጓሚ ተልኮ አስወጣቸው፤ አብዛኛው ከብት በመንገድ አለቀ። እሳቸውም ትእዛዝ ጥሰዋል ተብለው ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም እድገት አላዩም። እሳቸውን ሲያንገበግባቸው የኖረው ግን እድገቱ ሳይሆን፣ አምነዋቸው የቀሩት ሰዎች ነገር ነው።

በ1955 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺሀረግ ጋር በልደታ ማርያም በቁርባን ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በድንበሩ ላይ የጋራ የውኃ ጉድጓድ ይቆፈር ብለው በሦስት መንግሥታት ዘመን ደጅ ጠንተዋል፤ ሦስቱም “እናስብበታለን” ብለዋቸዋል። ሜክሲኮ ካፌ ተቀምጠው ስለ ወደብና ስለ ድንበር ሲወራ፣ “ስለ ውኃው ማን ጠየቀ?” ብለው ሒሳብ ሳይከፍሉ ብድግ ይሉ ነበር።

ታመው ከተኙ በኋላ፣ የአብነት ሰፈሩ ነጋዴ አቶ ኸይረዲን ወደ ሐርጌሳ ሲሄዱ የሀጂ ኑርን ቤተሰብ እንዲያፈላልጉላቸው ለመኗቸው። አቶ ኸይረዲን ተመልሰው መጥተው፣ “አባባ፣ ሀጂ ኑር የሚባለው ስንቱ ነው? የትኛው እያሉ ሳቁብኝ” አሏቸው። አቶ ወልደ ሚካኤል “እንዲያው አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ?” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በሳምንቱ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ91 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው ሰላም፣ እንዳለችና ሀረገወይን እንዲሁም የልጅ ልጃቸው ኤፊ በሐዘን ላይ ናቸው።

ሰው ያልሰማውን የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። አሜን።