ጫማዬን ያስወለቀኝ ድንኳን

ጥር 6፣ ጠዋት 2 ሰዓት። ላሊበላ

ዛሬም ልኬት። ከምሥራቁ ግድግዳ ጀመርኩ። የሜትሬ ጫፍ ተበጥሷል፤ አሥር ሳንቲም እየቀነስኩ ነው። ደብተሬ፣ ደስ ብሎኛል! ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበት ሐሳብ እዚህ ቋጥኝ ላይ በዓይን ይታያል። አንድ ነገር ማለት የተሠራበት ቁስ ነው፤ የቀረው ስም ነው። ይህን ቤ/ክ የፈለፈሉት ሰዎች ምን ጨመሩ? ምንም። ቀነሱ እንጂ። ያለው ድሮም የነበረው ድንጋይ ነው። በቃ!

ት/ክፍሉ ወዶታል። ሜታፊዚክስ ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ሁሉ “ቁስ” ሲሰሙ ይፈታሉ። ኃላፊያችን በግልጽ ነግረውኛል። ጽሑፉ በመጽሔቱ ከወጣ ቦታዬ ይጸናል። ካልወጣ ፍልስፍና ማስተማሬ አበቃ፤ ወደ አንዱ ክ/ሀገር ተመድቤ የፖለቲካ ትምህርት ሳስተምር እኖራለሁ። ደግነቱ ጽሑፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው።

ጥር 8፣ 9 ሰዓት

የኔታ ዘንድ ዋልኩ። በልጅነቴ ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው። ሐሳቤን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ሚስትህ ደህና ናት ወይ አሉኝ። ተናደድኩ። ሰው የዘጠኝ ዓመት ድካሙን ሲናገር እንዲህ ይባላል? ደህና ናት ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳቄ መጣ።

ጥር 10፣ 11 ሰዓት

ቆሜ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴን ቻለው።

ከተራ ነው። ታቦቱ ወጣ፤ ሕዝቡ አጅቦት ወደ ባሕረ ጥምቀቱ። እኔም ተከተልኩ። ታቦቱ ያረፈበት ድንኳን ጥግ ቆሜ የሸራውን ቁመት በዓይኔ እለካለሁ። አመል ነው። ጫማዬ እግሬ ላይ! አንዲት እማሆይ በመቋሚያቸው ቅልጥሜን አሉኝ።

“አንተ ምን ዓይነቱ ነህ? አውልቅ እንጂ! ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው!”

ሰው ሁሉ ዞረ። የቄስ ልጅ፣ ያውም ዳዊት የደገምኩ! የዋሻውን ቤ/ክ ደፍ ስረግጥ ሳላስበው የማወልቀው ሰውዬ ሸራ ፊት ረሳሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አውልቄ በባዶ እግሬ ቆምኩ።

ከዚያ እፍረቱ ብን ብሎ ጠፋ። ምን ነበር ያሉት? ቤተ ክርስቲያን! ይህ ሸራ ትናንት ዕቃ ቤት ተጠቅልሎ ነበር፤ እኔው ተቀምጬበታለሁ። ዛሬ ሊቀደስበት ነው። አንድ ክር አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ቁሱ ያው ነው። ታዲያ ምኑ ተለወጠ? ኧረ ጉድ ነው!

ያው ዕለት፣ 12 ሰዓት

ሮጥኩ። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ሽቅብ። የኔታ እግራቸው እምቢ ብሏቸው ከቤ/ክኑ ደጅ ቀርተዋል። ትንፋሼ ሳይመለስ ጠየቅኳቸው። ድንኳኑ ቤ/ክ ከሆነ ይኸኛው ዛሬ ተራ ዋሻ ነው ማለት ነው? ጫማቸውን አወለቁ፤ ደፉን ተሳለሙና ገቡ። ታቦቱ እኮ የለም የኔታ አልኩ።

“ባለቤቱ መንገድ ቢወጣ ቤቱን ሜዳ ልታደርገው ነው? ይመለሳል እኮ፣ አንተ!”

ይመለሳል! ደብተሬ፣ ገባህ? ድንጋዩ እየጠበቀ ነው። የሚጠብቀው ነገርም እሱን እሱ ያደርገዋል። ዘጠኝ ዓመት ስጽፍ “ነገ” የሚል ቃል አንዴ እንኳ አልወጣኝም። ተሳስቻለሁ። ከሥሩ! ደስ ሲል! የኔታን ጉልበታቸውን ሳምኳቸው። ምን ነካህ አሉኝ።

ጥር 11፣ 8 ሰዓት

ታቦቱ ተመለሰ። እልልታ፣ ከበሮ፣ አቧራ። አለቀስኩ። የእምነት ይሁን የፍልስፍና እንጃ።

ጥር 12፣ ጠዋት

ፈራሁ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ጽሑፉ ይወጣል፣ ቦታዬ ይጸናል፣ ባለቤቴ የሺ እፎይ ትላለች። አዲሱን ሐሳብ ከዓመት በኋላ ቀስ ብዬ አወጣለሁ። ጥሩ ዕቅድ ነው። ችግሩ፣ ስሜ ካለበት ውሸት ሥር ተቀምጬ ማሰብ አልቻልኩም። ከንጋት ጀምሮ ሞከርኩ፤ አንድ መስመር እንኳ አልመጣም።

ጥር 13፣ 5 ሰዓት

አውሮፕላኑ ሄደ። ደብዳቤዬም አብሮ። አንድ የማውቀው መንገደኛ ለኃላፊው በእጁ ሊያደርስ ቃል ሰጥቶኛል። ሦስት መስመር ነው፤ ጽሑፌ እንዳይታተም፣ ሐሳቡ ስህተት ነው፣ ስህተቱም የኔ ነው። ለየሺ ሌላ ጻፍኩ፤ ረጅም። የኔታ ሰሙና ታዲያ ምን ልትበላ ነው አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ልቤ ግን ይጨፍራል።

ደብተሬ፣ ወሬዬን እዚህ ላይ አቁሜብሃለሁ። አገሩ ላይ ወረቀት ጠፍቷል፤ የቀሩህ ገጾች ለሥራው ይፈለጋሉ።

ምዕራፍ አንድ። አንድ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ምን እንደሚጠብቅ ነው። ለምሳሌ አንድ ቤት፣ ባለቤቱ በሌለበት ቀን፣