ለሉሊት ሆድ የተገዛው ዱቄት

ቢታንያ፣

ለመስክ ሥራ ወደ ቁሐር ሚካኤል ልወጣ ነው። መኪናው በር ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ያስጮኻል።

ልጅሽን ሉሊትን እትዬ አገኘሁሽ ጋ ትቻታለሁ፤ ከገበያ ስትመለሺ ውሰጃት።

ለሆድ ድርቀቷ የገዛሽውን የፕሮባዮቲክ ዱቄት ካርቶን ዛሬ አነበብኩት። ያው ሥራ ፈት አይደለሁ። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ሕያው ስለሆኑ ትኩስ ነገር ውስጥ አትጨምሩ ይላል። አንቺ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በሚፍለቀለቅ ወተት ስትቀቅያቸው ሰነበትሽ። ነፍስ ይማር።

እትዬ አገኘሁሽ ከላሞቻቸው እርጎ ቢያመጡልሽ «ባክቴሪያ አለበት» ብለሽ መለስሽባቸው። ከዚያ ባሕር ዳር ድረስ ሄደሽ ባክቴሪያ በፓኬት ገዛሽ። መማር ደግ ነው።

ዛሬም እርጎ ከሰጡሽ አመስግነሽ ተቀበዪ።
ሩዝ በወተቱ ለዛሬ ይቅርባት።
ፓፓያ ቆርጬ ከድኜዋለሁ።
ውሃ አጠጫት፤ ምሳ ከበላች በኋላ ፖፖዋ ላይ አስቀምጫት፣ አታጣድፊያት።

ደግሞ ሌላ ነገር።

ጠዋት ጫማዬን ሳስር መጥታ «ፅግዬ፣ አንቺ ስትሄጂ ካካ እላለሁ» አለችኝ። ለምን ብላት ምንጣፌን አየች።

ባለፈው ወር እሱ ላይ ቢያመልጣት ጮኼባት ነበር። በጣም። ትምህርት ቤት ስለነበርሽ አልሰማሽም፤ እኔም አልነገርኩሽም። ድርቀቱ የጀመራት ከዚያ ወዲህ ነው። ዱቄቱ ቢቀቀልም ባይቀቀልም ለዚህ ምን ያደርጋል።

እስከ ቅዳሜ አልመለስም። ምንጣፉን ጠቅልዬ አውጥቼዋለሁ።

እንደሌለ አሳያት።

ፅጌ